ከቃጫ ገመድ እስከ ጭቃ አሻንጉሊት

በጌዴኦ ቤት የሚሠራው የእጅ ሥራ አብዛኛው ከእንሰት ይጀምራል። ከዲላ ተነስቶ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወይም ሽቅብ ወደ ቡሌ ለሚሄድ ሰው ከየቤቱ ደጃፍ ዓይን የሚሞላው ይኸው ተክል ነው፤ ከበላዩ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉለታል፣ ከሥሩ ቡና ይበቅላል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከፍ አድርጎ ያየው ይህንኑ አብሮ የማብቀል ጥበብ ነበር። የእንሰት ስም ሲነሳ ቆጮና ቡላ ይወሳሉ። የተሰበረ ዕቃ የሚታሰርበት፣ የአሻንጉሊት ፀጉር የሚሆነው ቃጫ ግን የሚገባውን ያህል አይወራለትም።

ቃጫ የሚገኘው እንሰት ሲፋቅ ነው። ሴቶቹ ግንዱን የሸፈኑትን ረጃጅም ልጣጮች አንድ በአንድ ይገነጥላሉ፤ እያንዳንዱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ያስደግፉና በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል ይፍቁታል። ሥጋው ለቆጮ ይሄዳል፤ የቀረው ነጭ ጭረት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ጭረቱም የመርከብ ገመድ ሲሠራበት ከኖረው ከፊሊፒንሱ አባካ ጋር በጥንካሬ ይወዳደራል።

ጥንካሬው ግን የሚወጣው በአገማመድ ነው። ሁለት ቀጫጭን ዘለላዎች ተለይተው ይያዛሉ። ሁለቱም ጭን ላይ በመዳፍ እየተንከባለሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከረራሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ስለሚያጠብቀው ገመዱ ያለ ቋጠሮ ራሱን ይዞ ይቆማል። የአንዱ ዘለላ ጫፍ ሊያልቅ ሲቃረብ አዲስ ጭረት ይቀጠላል፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ እንዲያልቁ ግን አይደረግም፣ ገመድ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነውና። ልጅ ይህን ክር በግማሽ ቀን ይለምደዋል። በቤት ውስጥ ለልጅ ከሚሰጡ ትምህርቶች ይህን የሚያህል ብዙ ዋጋ ያለው ጥቂት ነው። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፦ ቃጫ ይኮሰኩሳል፤ የሕፃን ገላ የሚነካ ከሆነ በጥጥ ጨርቅ መጠቅለል አለበት።

ከሕፃን ዕቃ ቶሎ የሚያረጀው ማዘያው ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አንቀልባ ከቆዳ ይሠራል፤ በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቅቤ እየተቀባ ይታሻል፤ ማሰሪያው ሲበጠስ በአዲስ ጠፍር ይተካል። በዲላ መንገድ ላይ በብዛት የሚታየው ማዘያ ግን ጨርቅ ነው። ጨርቅ የሚሳሳው ቋጠሮው በሚያርፍበትና የልጁን መቀመጫ በሚሸከመው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ቀዳዳውን ብቻ የሚሸፍን እራፊ መጣፍ ዋጋ የለውም፤ እራፊው ከሳሳው ክፍል በሁሉም በኩል አራት ጣት ያህል አልፎ ጤነኛውን ጨርቅ መያዝ አለበት። አለዚያ ስፌቱ ራሱ የሳሳውን ይቀድደዋል። የተጣፈው ማዘያ ልጅ ከመታዘሉ በፊት የልጁን ክብደት የሚያህል እህል ተቋጥሮበት ይፈተናል።

የሕፃን ማጠቢያ ሳፋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ይሰፋል። ድሮ ቅል የሚሰፋበት ዘዴ ወደ ፕላስቲክ የተሻገረ ነው። መጀመሪያ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ የሚያቆመው እሱ ነው። ቀጥሎ ወስፌ በከሰል ላይ ይግላል፣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ በናይለን ክር ይሰፋል። ክፍተቱ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በቀለጠ ቁራጭ ይደፈናል። ይህ ሥራ ደጅ ላይ፣ ልጅ ርቆ ሳለ ይሠራል፤ ጭሱ መርዝ ነው። የሳፋው ውስጠኛ ገጽ በጣት ሲዳሰስ የሚቧጥጥ ነገር ከተገኘበት ሳፋው ከእንግዲህ ለልብስ እንጂ ለሕፃን አይሆንም። ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለልጅ አይጠገንም።

ሕፃኑ አድጎ መጫወት ሲጀምር የቤት ውስጥ ሥራው ከጥገና ወደ ፈጠራ ይዞራል። ኳስ ካልሲ ውስጥ ከተጠቀጠቀ እራፊ ይሠራል፤ መኪና ከሽቦና ከቆርኪ። የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወገቡ ላይ ጨርቅ ሲታሰርለት አሻንጉሊት ይሆናል፣ ቃጫ ሲጨመርለት ደግሞ ፀጉሩ ሹሩባ ሊሠራ ይችላል። ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ግን የጭቃ ምስል ነው።

ጌዴኦ ለምስል ሥራ እንግዳ አገር አይደለም። በቱቱ ፈላ ከቆሙት ትክል ድንጋዮች አንዳንዶቹ ፊትና የሰውነት ክፍሎች ተቀርጸውባቸዋል። በሰከሮ ሶዶ ያሉት ትክል ድንጋዮችም በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ቀድሞ ከሚታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተገፍቶ እስከ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ደርሷል። በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ ደግሞ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸው ትንንሽ የጭቃ ምስሎች በጎብኝዎች ዘንድ ታዋቂ ሆነዋል። ሸክላ ሠሪ፣ አንጥረኛና ቆዳ ፋቂ በአገሪቱ ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ንቀቱ አገሪቱን ብዙ ጥበብ አስከፍሏታል፤ ልጅ ጭቃ ሲያቦካ እጁን ታጠብ ብሎ መቆጣትም የዚያ ንቀት ቅሪት ነው።

ለምስል የሚሆን ጭቃ ከድንጋይና ከሥር ይለቀማል፣ የተወቀጠ ገል ይቀላቀልበታል፤ ገሉ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። ወፍራም አካል ከውጭ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ስለሚቀር ሲተኮስ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ከአውራ ጣት የሚወፍረው ሆድ ከሥሩ ይቦረቦራል። ክንድ ሲቀጠል ሁለቱም ገጾች በእሾህ ይጫራሉ፣ በቀጭን ጭቃ ይረጥባሉ፣ ከዚያ ይጣበቃሉ። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ያጣምመዋል። ያልተተኮሰ ምስል ውኃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ምስሉ አንድ የታወቀ ሰው የሚመስለው ግን በመጨረሻው ማስጌጥ ነው። ለጌዴኦ ቤት ጥሩ የሚሆነው እንሰት የምትፍቅ ሴት ናት፦ ሴቲቱ ከጭቃ፣ ሳንቃዋ ከዘነበለ የእንጨት ስንጣሪ፣ መፋቂያዋ ከቀርከሃ ቅራፊ፣ ከእጇ የሚንጠለጠለው ደግሞ እውነተኛ ቃጫ። ሻሿ ከእናት አሮጌ ቀሚስ ሊቆረጥ ይችላል። ትንሽ ትክል ድንጋይ ሠርቶ ፊት መቅረጽም ለጀማሪ ይቀላል፣ ክንድም እግርም የለውምና።

ቀለም ሲቀባ ለቤት በር ተገዝቶ የተረፈው ቆርቆሮ አይከፈትም። በቆዩ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን ክፍል 90 እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተገዛ ቀለም ግን በየጓዳው ሊኖር ይችላል። ከሰል፣ እርድና ቀይ አፈር ለጭቃ ምስል ይበቃሉ።

የመጫወቻው ትንሽነትም ይለካል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የመጫወቻ አደገኛ መጠን በዓለም የሚለካው 3.17 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚገባ ነገር ሊያንቅ ይችላል። በቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን ከዚህ ትንሽ ሰፋ ስለሚል መለኪያ ይሆናል። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ዶቃ፣ ቆርኪ ወይም የጭቃ ምስል ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።