ሥራም ታሪክ ነው



ከገዳሪፍ ተነሥቶ ገላባትን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ከደረቁ ወንዝ ማዶ መተማን ያያል። ይህን ስፍራ የምናስተምረው ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት የጦር ሜዳ መሆኑን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ገላባት ከጦርነቱ አስቀድሞ የሐበሻ ቡናና ሰም የሚሸጥበት፥ ለደጋው ፈታይና ሸማኔም ጥጥ የሚገዛበት ታላቅ ገበያ ነበረ። ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮችም ጥጡን ያመርቱ ነበር። ይህን ግን እንዘነጋዋለን።

የሥራን መታሰቢያ ስለ መጠበቅ ከጃፓኖች እንማር። በቶሚዮካ በ1865 ዓ.ም. የከፈቱት የሐር ፋብሪካ በ1979 ዓ.ም. ሥራውን ቢያቆምም ሕንፃው አልፈረሰም፤ በ2006 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያ ሙያውን የተማሩ ልጃገረዶች ወደየአገራቸው ተመልሰው ሌሎችን አስተማሩ፤ ስለዚህ ፋብሪካው ትምህርት ቤትም ነበረ።

የገላባት ነጋዴና የደጋው ሸማኔ ታሪክ ግን አደራው በመምህሩ ላይ ነው። እኛ ዝም ካልን ልጆቻችን ድንበሩን ደም የፈሰሰበት ስፍራ ብቻ፥ ጎረቤታቸውንም ጠላት ብቻ አድርገው ያውቁታል። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስለ ጦር ሜዳው ባስተማርን ቁጥር ስለ ገበያውም እናስተምር።