ያረጀ ሞተር ይታደስ ወይስ ይለወጥ?



ከሐርቡ ቆላ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ አሮጌ መኪና ሕመሙን ሊሰውር አይችልም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና በስስ አየሯ ጤነኛውም ሞተር ይደክማል። ሰማያዊ ጢስ ግን በዳገቱ አይመካኝም፤ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ሆኖም ባለ መኪናው ደንግጦ የብዙ ወር ደመወዙን ለሌላ ሞተር አያውጣ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ፥ አስቀድሞ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ያስለካ፤ ካነሰም በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አስጨምሮ እንደ ገና ያስለካ። ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ቫልቩን ይጠርጥር፤ ይህስ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ የሚበጅ ነው።

ብሎኩ ካልተሰነጠቀ እኔ ማሳደሱን እመርጣለሁ፤ ገበያ ላይ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ያገለገለ ሞተር ምን እንዳሳለፈ ማን ያውቃል? መለወጡ ግድ ከሆነም፥ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ሻጩ ሕጋዊ ሰነዱን ሳያስረክበው ገንዘቡን አይቁጠርለት።