ረቂቁ ሳይጸድቅ እንናገር
(በሙቱንጎ በተከበረው የማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ታላላቆቻችን እንደምታስታውሱት፣ በ1978 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ለውይይት ቀርቦ ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አስተያየት ተሰበሰበ፤ ኮሚሽኑ የተቀበለው ግን 95 ማሻሻያ ነው፤ አብዛኛውም ለይስሙላ። «ተናገሩ» ስንባል ዝም ማለት የለመድነው ከዚያ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም።

የምንኖርባት ኡጋንዳ ሌላ መንገድ አሳይታናለች። በዳኛ ቤንጃሚን ኦዶኪ የተመራው ኮሚሽን ከ25,000 በላይ የጽሑፍ አስተያየት ተቀብሎ ረቂቁን አዘጋጀ፤ ሕገ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ። ዛሬም የፓርላማው ኮሚቴዎች ረቂቅ ሕግ ሲመራላቸው ከሕዝብ የጽሑፍ ሐሳብ ይቀበላሉ። በአገራችንም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን አሳውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል።

እኛስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱቆቻችንን የሚነካ የመንገድ ፕላን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከረመ። ቡና ላይ ተቀምጠን አማረርን፤ ደብዳቤያችን የደረሰው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ደብዳቤውም ቢሆን «እጅግ አዝነናል» ከማለት በቀር የትኛው መሥመር ወዴት ይዙር እንደምንል አልጠቀሰም። የተቀበለው ሰው ምኑን ይለውጥ?

እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም አቀላጥፈው የሚያነቡ ልጆች አሉን። ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር ለኮሚቴው ያድርሱልን፤ በሚቀጥለው እሑድ ቁጭ ብለን አንቀጹን በቁጥር ጠቅሰን እንጽፋለን።