ባዶ ቢሮ ብቻውን ክሊኒክ አይሆንም

(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ መለያየታችን ይታወሳል። ማኅበራችን ለቢሮና ለንግድ ይከራያል ብሎ ያሠራው ሕንፃ ተከራይ አጥቶ፣ መስኮቱ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ግማሾቻችን «ዋጋው ተቀንሶ ለሱቅና ለመጋዘን ይከራይ፤ ገቢው አቅመ ደካሞችን ይርዳ» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ክሊኒክ ይሁንልን» አልን። ሁለቱም ሐሳብ ከክፋት የመጣ አይደለም። ክርክሩ ሲበዛ ግን ነገሩን አይቶና ጠይቆ እንዲያቀርብ ለእኛ ለጤና ኮሚቴው ተሰጠ። እኛም ሕንፃውን ከምድር እስከ ጣሪያ ዞረን አየን፣ ባለሙያም አማከርን። ያገኘነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ «ሆስፒታል እያለን ክሊኒክ ለምን?» ለሚለው መልስ እንስጥ። እውነት ነው፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አላት። ነገር ግን ይህ ሆስፒታል የእኛ የከተማዎቹ ብቻ አይደለም። ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከእብናት፣ ከፋርጣና ከጉና ሥር ከባድ ሕመምተኛ የሚላክበት ነው። እኛ ለልጅ ሳልና ለተቆረጠ ጣት እዚያ ስንሰለፍ፣ ከሩቅ በቃሬዛና በመኪና የመጣችው ወላድ ከኋላችን ትቆማለች። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር እስከ 25 ሺህ፣ በከተማ እስከ 40 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የተመደበ ነው። ሆስፒታል የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በሪፈር ወረቀት ነው። በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው፣ ቆይቶም ወደ ከተማ የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ዓላማው ይኸው ነው፤ ቀላሉ በሰፈር ይታይ፣ ከባዱ ወደ ላይ ይሂድ። ስለዚህ በአቅራቢያችን የእርግዝና ክትትል፣ የልጆች ክትባት፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል፣ የቁስል ማጠብ ሥራ ቢኖር የምንጠቀመው እኛ ብቻ አይደለንም። ሆስፒታሉም ይተነፍሳል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን ክሊኒክ ማለት ክፍል ማለት ይመስለናል። «ክፍሉ አለ፣ ቀለም ይቀባ፣ አልጋ ይግባ፣ አለቀ» እንላለን። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ አስበን ነበር። ምክር ስንጠይቅ ግን አንዲት እናታችን፣ «ክፍሉስ ይሁን፤ ውስጡ ተቀምጦ የሚጠብቀን ማነው?» አሉን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያየነውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ መዘንነው።

የጎረቤታችንን የጎንደርን ታሪክ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንደፈጀ ይነገራል። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ሥራው የተጀመረው ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ሆስፒታል ነው። ቤቱ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው። ከ1947 ዓ.ም. በኋላ የተለወጠው ግን ግድግዳው አይደለም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ እዚያ እየሠለጠኑ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ጀመሩ። በአገራችን ጤና ጣቢያ የሚባለው ነገር ሥር የያዘው በነዚያ ሰዎች ነው።

ከራሳችን ዞን ደግሞ የ1997 ዓ.ም.ን ነገር የማያስታውስ ያለ አይመስለንም። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት እየማቀቀ፣ ሆዱ እያበጠ፣ ሰውነቱ እየመነመነ ይሞት ጀመር። በሽታው ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ለውጥ አልመጣም። በኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ይህ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ቀድሞ የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ ስለነበረ እዚህ የጠረጠረው አልነበረም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጥተው ከጤና ባለሙያዎቻችን ጋር በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና ሲጀመር ብዙ ሕይወት ተረፈ። ልብ በሉ፣ ቤቱ ያው የድሮው ጤና ጣቢያ ነው። የጎደለው የደም መመርመሪያው፣ ትክክለኛው መድኃኒትና በሽታውን የሚያውቀው ሰው ነበር። ላቦራቶሪ የሌለው ክሊኒክ ትኩሳትን ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ እያለ መድኃኒት የሚሰጥ ቤት ከመሆን አያልፍም። ይህንን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም፤ ሁላችንም ቀምሰነዋል።

ለሌላ ሥራ የተሠራ ቤት ለሕክምና አይሆንም ማለታችን ግን አይደለም። ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራው የአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ተከፋፍሎ ወደ 1 ሺህ አልጋ የሚይዝ ማከሚያ ሆኗል። ያ አዳራሽ የሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ባለሙያዎች ገብተው ስለያዙት ነው። በዚያው ሰሞን በእንግሊዝ አገር ለንደን ከተማ ኤክሴል የሚባለው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ በ9 ቀን ውስጥ ሆስፒታል ተደረገ። እስከ 4 ሺህ ሕመምተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የታከመበት ሰው ግን 54 ብቻ ነው። ሌሎቹ ሆስፒታሎች አልጋ ጨምረው ችግሩን መቻላቸው አንደኛው ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ ለአዳራሹ የሚበቃ ነርስ አለመገኘቱ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው አገር ሰው ካጣ አልጋው ባዶ ከቀረ፣ የእኛ ስድስት ክፍል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

አሁን ሕንፃችንን እንይ። ያገኘነው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በሩ። መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ለጤነኛ ሰው ሦስት ደረጃ ምንም አይደለም። ምጥ ለያዛት፣ ምርኩዝ ለያዘ፣ በቃሬዛ ለመጣ ግን ተራራ ነው። ደረጃውን በከፊል አፍርሶ በድንጋይና በሲሚንቶ ረጋ ያለ ተዳፋት መሥራት ይቻላል። ፎቁ ለሕመምተኛ አይሆንም፤ ሊፍት የለውም፣ ደረጃውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ሊሆን የሚችለው የምድር ቤቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ውኃና ፍሳሽ። ቢሮ ሆኖ ስለተሠራ ቧንቧ ያለው በግቢው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐኪም ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲዞር እጁን ካልታጠበ በሽታን ከሰው ወደ ሰው የሚያዞረው እሱ ይሆናል። ስለዚህ ምርመራ በሚደረግበት ክፍል ሁሉ የእጅ መታጠቢያ መግባት አለበት። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሥራ እንዳይቆም ሮቶ ያስፈልጋል። ለወንድና ለሴት የተለየ ሽንት ቤትም የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ግድግዳና ወለል። ክፍሎቹ የተከፋፈሉት በችፕውድ ነው። እዚህ የተነገረ እዚያ ይሰማል። ሰው ደግሞ ጎረቤቱ የሚሰማው ከሆነ የውስጥ ሕመሙን አይናገርም። ቢያንስ የምርመራውና የምክር ክፍሉ በብሎኬት መለየት አለባቸው። የጣውላው ወለልም ደምና ፈሳሽ ስለሚመጥ ተነሥቶ በሚታጠብ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ መተካት ይኖርበታል።

አራተኛ፣ አየር። አገራችን ብርድ ነው፤ መስኮት ዘግተን መቀመጥ ለምደናል። የሳንባ ነቀርሳ የሚወደው ግን ይኼንኑ ነው። በር የተዘጋበት ጠባብ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያስል ሰው ብዙ ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ መጠበቂያው በበረንዳው ላይ፣ ከላይ ተሸፍኖ ከጎን ክፍት ሆኖ እንዲሠራ፣ የሚያስልም ሰው ቀድሞ እንዲታይ ባለሙያዎቹ መክረውናል። ጋቢያችንን ለብሰን እንቀመጣለን፤ ከበሽታው ብርዱ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ቆሻሻ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። መርፌና ስለት ከተራ ቆሻሻ ጋር ሜዳ ላይ ቢጣል ልጆቻችን ይጫወቱበታል። ለዚህ የስለት ማጠራቀሚያ ሣጥን፣ ከቤቶች ራቅ ያለ ማቃጠያና አመድ ማስቀመጫ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ማዋለድ የሚኖር ከሆነ የእንግዴ ልጅ ጉድጓድም ይጨመራል። ግቢያችን ጠባብና በቤቶች የተከበበ ስለሆነ፣ ለጊዜው ማዋለዱ ባይኖር ብለን ተስማምተናል። ወላዶች ለክትትል እዚህ መጥተው ለመውለድ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ቢሄዱ ይበጃል።

ስድስተኛ፣ መብራት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጠ ይበላሻል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ማቀዝቀዣ ገዝቶ መተማመን አይቻልም። በክትባት ቀን ክትባቱን ከጤና ጣቢያው በበረዶ ሣጥን አምጥቶ፣ የተረፈውን ማታ መመለስ ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣ የኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ደረጃ አለ። ክሊኒክ ስንት ክፍል፣ ምን ዕቃና ምን ዓይነት ባለሙያ ሊኖረው እንደሚገባ በዝርዝር ተጽፏል። እሱን ሳያሟሉ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ሳይገኝ ገንዘብ ማፍሰስ ደግሞ ጣሪያ ሳይኖር መጋረጃ እንደ መስቀል ነው።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ለግል ሐኪም እናከራየውና እሱ ይጨነቅበት» ብላችኋል። ይህም መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ኪራዩም ይመጣል። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። አብዛኞቻችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ይዘናል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛው ፎገራ ነበረች። መድኑ የሚሠራው ውል በተያዘበት ተቋም ነው፤ እሱም በአብዛኛው የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ነው። ግቢያችን ውስጥ የግል ክሊኒክ ቢከፈት መታወቂያችንን ኪሳችን ከተን በጥሬ ገንዘብ እንታከማለን ማለት ነው። ያለው ይታከማል፤ የሌላት እናት ግን በሩ አጠገብ አልፋ ያው ሩቁ ሰልፍ ትሄዳለች።

ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

የምድር ቤቱ ስድስት ክፍል የጤና ጣቢያው ቅርንጫፍ ሆኖ እንዲሠራ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በነፃ እንስጥ። ፎቁ ለቢሮ ይከራይ። ለመጠጥ ቤትና ለወፍጮ ግን አይሰጥ፤ ሕመምተኛ ከሥር አለና። ከፎቁ የሚገኘው ኪራይ የክሊኒኩን ጥበቃ፣ ጽዳትና ውኃ ይክፈል። ተዳፋቱን፣ የበረንዳውን መጠበቂያና ሽንት ቤቱን እኛ በጉልበትና በመዋጮ እንሥራ። ባለሙያ መመደብ፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት ማቅረብ ግን የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ይሁን።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ስንት ነርስ፣ ስንት የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጡ በጽሑፍ ሳይሰጠን አንድ ጆንያ ሲሚንቶ አንገዛም፣ አንድ ጣሳ ቀለምም አንከፍትም። ደብዳቤያችንን ካስገባን በ6 ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ የምድር ቤቱንም እናከራያለን። በገቢውም መድን መክፈል ያቃታቸውን ጎረቤቶቻችንን ዓመታዊ መዋጮ እንከፍላለን። ይኼኛውም ሕክምና ነው። ሪባን ተቆርጦለት በሁለተኛው ወር በሩ ከሚቆለፍ ክሊኒክ እጅግ ይሻላል።

በመጨረሻም ከእናንተ የምንፈልገውን እንንገራችሁ። ግንበኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛና አናጢ የሆናችሁ ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። በሰፈራችን የምትኖሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ጡረታ የወጣችሁም ብትሆኑ፣ ለምክር አትንፈጉን። በእያንዳንዱ ቤት ነፍሰ ጡር፣ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ስንት እንዳለ የሚቆጥሩ ወጣቶች በየቤቱ ይመጣሉ። ስም አይጽፉም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ በር ክፈቱላቸው። ጽሕፈት ቤቱ ፊት «ያስፈልገናል» ብሎ ከመለመን ቁጥር ይዞ መቅረብ ይሻላልና።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ሎሚውን ተካፍለን እንያዝ። ያቺ እናታችን የጠየቁት ጥያቄ ግን ከማናችንም ልብ አይውጣ፤ ውስጡ ተቀምጦ የሚጠብቀን ማነው? መልሱን በጽሑፍ የያዝን ዕለት፣ ቁልፉን ራሳቸው እንዲከፍቱት እናደርጋለን።

በሐሳቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እንዳትቀሩ።