የትከሻ ጅማት ሲጎዳ የትኛው ምርመራ ይቅደም?



በቡሬ ገበያ የበርበሬና የበቆሎ ጆንያ የሚሸከመው ወጣት፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ከማሳ የሚመለሰው ገበሬ፣ ከምንጭ ውኃ የምትቀዳው እናት ኑሯቸውን የሚገፉት በትከሻቸው ነው። ክንድ አልነሣ ባለ ጊዜ ብዙዎች በቅድሚያ ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። ሕመሙ ሲጸናም «አዲስ አበባ ሄዳችሁ በትልቁ መሣሪያ ታዩ» የሚል ምክር ይሰማሉ። መንገዱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለዚያ ጉዞ በሬ የሚሸጥ ቤተሰብ አለ። ስለሆነም የምርመራ ምርጫ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪት ጉዳይም ነው።

ትከሻን አቅፈው የሚይዙት አራት ጡንቻዎች በጅማቶቻቸው አማካይነት ከክንድ አጥንት አናት ጋር ይያያዛሉ። የእነዚህ ጅማቶች ጉዳት እንደ ጠፍር ነው፤ አንዳንዱ በከፊል ይቀደዳል፣ አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች ዘልቆ ይበጠሳል። ራጅ ስብራትንና ውልቃትን በሚገባ ያሳያል፤ ጅማቱን ራሱን ግን አያሳይም። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ኤምአርአይ ደግሞ በኃይለኛ ማግኔት ጅማቱን ያሳያሉ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ልዩ ፈሳሽ በመርፌ ተሰጥቶ የሚነሣ የኤምአርአይ ዓይነትም አለ።

ታዲያ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል? ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ 20 ጥናቶችን አመዛዝኗል። ጅማታቸው ዘልቆ ከተበጠሰ 100 ትከሻዎች ውስጥ አልትራሳውንድ 92ቱን፣ ኤምአርአይ ደግሞ 94ቱን ለይተዋል። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው። በከፊል በተቀደደው ላይ ግን ኤምአርአይ 74 ሲለይ አልትራሳውንድ የለየው 52 ብቻ ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች አነስተኛና ጉድለት ያለባቸው መሆናቸውንም ገምጋሚዎቹ አልሸሸጉም።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር፣ ጥያቄው «ጅማቱ ዘልቆ ተበጥሷል ወይ?» ከሆነ በቅርብ የሚገኘው አልትራሳውንድ በቂ መነሻ መሆኑን ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው፣ ለነፍሰ ጡር ሆድ የሚያገለግለው መዳሰሻ ሳይሆን ለቅርብ አካል የተሠራው ጠፍጣፋው መዳሰሻ መኖሩ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ትከሻን ማንበብ የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩ ነው፤ አልትራሳውንድ ከሌሎቹ ይልቅ በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ የተመሠረተ ነውና። ስለ ልማት ስናቅድ መሣሪያ መግዛትን ብቻ ሳይሆን ሰው ማሠልጠንንም ልናስብ ይገባል። ወደ ሩቅ ለኤምአርአይ መላክ የሚገባው አልትራሳውንዱ ጥርጣሬውን ሳይፈታ ድካሙ ሲቀጥል፣ ወይም ቀዶ ሐኪም ለሥራው ሲጠይቀው ነው።

ምስል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ምንም ሕመም ሳይኖር የተቀደደ ጅማት መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ክንዱን አስነሥቶ፣ ኃይሉን ፈትኖ፣ ታሪኩን መጠየቅ አለበት። ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም በአብዛኛው ሸክምን በመቀነስና በትክክለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይሻሻላል፤ ለዚህ ወዲያው ምስል አያስፈልግም። ወድቆ ወይም ሸክም አነሣ ሲል ክንዱ በድንገት አልነሣ ያለው ሰው ግን ለወራት መታሸት የለበትም። የተበጠሰ ጅማት እየተሸበሸበ ይሸሻል፣ ጡንቻውም እየመነመነ በስብ ይተካል፤ ያን ጊዜ መጠገኑ ይከብዳል።

እንግዲህ አባቶች ለንስሐ ልጆቻችሁ፣ የጤና ባለሙያዎች ለየቀበሌያችሁ ነዋሪ ይህን እንድትነግሩልን እንጠይቃለን፦ በድንገት የደከመ ክንድ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይሂድ፤ በሬው ከመሸጡ በፊት ደግሞ በቅርብ ያለው ምርመራ ይቅደም።