የሞት ቅጣትና የዳኞች ልዩነት
(በፀዳ ለተሰበሰቡ የሙያ ማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ የድልድይ ንድፍ ሲያወጣ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ የሚሸከም ትርፍ ጥንካሬ ይጨምርበታል። ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጣራ ሰው ይሳሳታልና፣ ድልድዩ ቢናድም የሚጠፋው ሕይወት አይመለስምና ነው። የሞት ፍርድም በዚሁ ሚዛን ሊመረመር ይገባል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 15፣ ማንም ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። ስለሆነም ቅጣቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ መከራከር አዳጋች ነው። የደቡብ አፍሪካ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ግን ስለ ቅጣቱ በግልጽ ባለመናገሩ ጉዳዩ ለዳኞች ተተወ፤ አሥራ አንዱም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ ድምፅ ሻሩት። በኢትዮጵያ ልዩነቱ የታየው ቅጣቱ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ነው።

ለዚህም የቀይ ሽብር ክስ ምስክር ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ሲል፣ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ድርጊቱ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባም ብለው ተለዩ። ጥር 3 ቀን የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ማስረጃውና ሕጉ አንድ ሲሆኑ ቅጣቱ ሁለት ሆነ።

በዚያ ዘመን በጎንደርና በአካባቢው ልጆቻቸውን የተነጠቁ እናቶች ለገዳይ ሞት ያንሰዋል ቢሉ የሚወቅሳቸው አይኖርም። ሐዘናቸው ግን የዳኞቹን ልዩነት አያስታርቅም።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 ለእንዲህ ያለው ወንጀል ምሕረትና ይቅርታ ከልክሎ፣ ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት እንዲለውጥ ፈቅዷል። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም በ2003 ዓ.ም. የ23 ባለሥልጣናትን ቅጣት ለወጡ። ይህ ሥልጣን የሕጉ ትርፍ ጥንካሬ ነው፤ ሆኖም በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ያረፈ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሰሶ ብቻውን ድልድይ እንዲሸከም አይተውም። ከመጀመሪያው ችሎት እስከ ይግባኙ ዳኞች ሁሉ በሙሉ ድምፅ ያልተስማሙበት የሞት ፍርድ እንዳይጸና ሕግ ቢወጣ፣ ወንጀለኛው ከእሥራት ሳያመልጥ ፍትሕም ሊመለስ ከማይችል ስሕተት ይጠበቃል።