የአካባቢያችን ታሪክ ለምን ይጻፋል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የሽማግሎቻችን ቃል በደብተር ይመዝገብ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ አንዳንድ አባላት «የምንጩ አጥር ሳያልቅ ታሪክ መጻፍ ምን ይሉታል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ ከእያንዳንዳችን ኪስ የወጣ ስለሆነ መልስ መስጠት ይገባኛል።

በመጀመሪያ ከስማችን ልነሣ። ኮሶዬ ስትባል ኮሶን የማያስታውስ የለም። አባቶቻችን አበባውን ወቅጠው፣ በጥብጠው እየጠጡ ከሆድ ትል ይገላገሉ ነበር። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በዓድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጐንደር ገባ። አገሩ ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍም ኮሶን ከነሥዕሉና ከነጥቅሙ አወጣው። በኋላ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤት ሳይቀር ይሸጥ ነበር። እንግዲህ የኛን ዛፍ ለዓለም የጻፈው መንገደኛ ነው። እኛ ለራሳችን መጻፍ ያቅተናል እንዴ?

ሁለተኛው የመንገዱ ነገር ነው። ብሩስ የመጣበት የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። የመኪናውን መንገድ ከጐንደር በዳባት፣ በደባርቅ፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ አውርዶ ወደ አሥመራ የዘረጋው በወረራው ዘመን ጣሊያን ነው። የሠራውም ለጦሩ ብሎ እንጂ ለኛ አዝኖ አይደለም። ኋላ ግን ያው መንገድ መታነቂያው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የኛ አገር ገና በጠላት እጅ ነበረች። ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከርሞ፣ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጐንደር የተለቀቀችው ደግሞ በኅዳር ነው። ከአዲስ አበባ ከስድስት ወር በላይ ዘግይተን ነው ነፃ የወጣነው ማለት ነው። በዚያ ክረምት ለአርበኛው ስንቅ ያቀበለው ማን ነው? ቤቱ የተቃጠለበትስ? ይኼን የሚነግረን የየቤታችን ሽማግሌ ነው። በ1934 አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዘጠና ዓመት አልፎታል። ጊዜ የለንም የምላችሁ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ስለ ዋና ከተማ ነው። ዳባት የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ክስ ያለበትም፣ ግብር የሚከፍለውም ጉዳዩ ወደዚያው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አውራጃ የሚባለው ቀረ፤ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የቀድሞው ሰሜን ጐንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል፣ ዳባት በሰሜን ጐንደር፣ ወገራ ወረዳ በማዕከላዊ ጐንደር ሆኑ። የሰሜን ጐንደር ዋና ከተማነትም ለደባርቅ ደረሰ። ትናንት በአንድ አውራጃ የነበርን ጎረቤቶች ዛሬ በሁለት ዞን እንጠራለን። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መሥሪያ ቤት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲሄድም መዝገቡን ይዞ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ የሕዝቡ መዝገብ በሕዝቡ እጅ መኖር አለበት።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይኼ ነው። ፊደል የቆጠሩ ልጆቻችን በየቤቱ እየሄዱ ይጠይቁ፤ የምንጩን፣ የተረተሩንና የገደሉን ስም፣ መንገድ ሲሠራ በጉልበቱ የደከመውን፣ በአርበኝነት የወደቀውን ይመዝግቡ። ሦስት ሽማግሎች ሰምተው ያርሙ። ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ በማኅበሩ ሣጥን፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይቀመጥ።

ስለ አጥሩ የተባለውን አልዘነጋሁም። አጥሩ የጎደለው ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሁላችንም ቅዳሜ መዶሻና መጥረቢያ ይዘን ከወጣን በአንድ ቀን ያልቃል። የሽማግሌ ቃል ግን አንዴ ከተቀበረ በደቦ ተቆፍሮ አይወጣም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም?